ዶላር ተልኮ ብር እስኪደርስ፦ በመንገድ የሚቆረጠውን አስልቶ መቀነስ

አሜሪካ ካለ የዶላር ሂሳብ ኢትዮጵያ ወዳለ የብር ሂሳብ ገንዘብ ሲላክ በሦስት ወይም በአራት ባንኮች እጅ ያልፋል፦ የላኪው ባንክ፣ አንድ ወይም ሁለት አገናኝ ባንኮች፣ በመጨረሻም የተቀባዩ ባንክ። እያንዳንዳቸው የየድርሻቸውን ሊቆርጡ ይችላሉ። ላኪው ደረሰኝ ላይ በግልጽ የሚያየው ግን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ቆራጭ ብቻ ነው። ስለዚህ «የባንኩ ክፍያ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ትክክለኛው ጥያቄ «ከእኔ ሂሳብ በጠቅላላ ስንት ዶላር ይወጣል? ተቀባዩስ ሂሳብ ውስጥ ስንት ብር ይገባል?» የሚለው ነው። ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው ሲያካፍሉ የዝውውሩ እውነተኛ ምንዛሬ ይወጣል። ከሌሎች አማራጮች ጋር መወዳደር ያለበትም ይህ ቁጥር ነው።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚሄድ

ስዊፍት፣ ማለትም ባንኮች እርስ በርስ የሚላላኩበት መረብ፣ ገንዘብ አያጓጉዝም፣ የሚያስተላልፈው መልእክት ነው። ኢትዮጵያ ያለው ባንክ እንደ ኒው ዮርክ ባለ ከተማ በሚገኝ አገናኝ ባንክ ውስጥ የዶላር ሂሳብ አለው። የላኩት ዶላር እዚያ ሂሳብ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። የተቀባዩ ባንክ መልእክቱ ሲደርሰው ያንን ዶላር ከእርስዎ እንደገዛ ቆጥሮ፣ ተመጣጣኙን ብር ከራሱ አውጥቶ ለተቀባዩ ይከፍላል። ለዚህም ነው ሂሳቡ የሚሠራው በባንኩ የመግዣ ዋጋ እንጂ በመሸጫ ዋጋ የማይሆነው። የባንኮችን የዕለት ሰሌዳ ሲመለከቱ ደግሞ የጥሬ ገንዘብና የዝውውር ዋጋ በተለያየ ዓምድ ተቀምጦ ሊያገኙት ይችላሉ። ለእርስዎ የሚሠራው የዝውውሩ የመግዣ ዋጋ ነው። ብዙ ሰው የመሸጫውን ከፍ ያለ ቁጥር አይቶ ይልክና ሲደርስ «ጎደለ» ይላል።

እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ ባንክ ማወዳደር ብዙ ፋይዳ አልነበረውም፤ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ የባንኮቹም ዋጋ እጅግ ተቀራራቢ ነበር። በዚያ ቀን ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ግን ባንኮች የየራሳቸውን ዋጋ ያወጣሉ። ዛሬ በአንድ ዶላር ላይ የ1 ወይም የ2 ብር ልዩነት ማግኘት የሚያስገርም አይደለም፣ በ5,000 ዶላር ላይ ሲሰላም 5,000 ወይም 10,000 ብር ይሆናል። ተቀባዩ በሁለት ባንኮች ሂሳብ ካለው፣ በሚልኩበት ዕለት የሁለቱን ሰሌዳ ማየት ከሁሉም የሚቀለው ቁጠባ ነው።

አስቀድሞ ማስላት

ለስሌት እንዲያመች የገበያው መካከለኛ ዋጋ፣ ማለትም በመግዣና በመሸጫ መሃል ያለው፣ በአንድ ዶላር 150 ብር ነው እንበል። የተቀባዩ ባንክ በ147 ይገዛል። የላኪው ባንክ ለዋየር፣ ማለትም ከባንክ ወደ ባንክ ለሚደረገው ዝውውር፣ 45 ዶላር ያስከፍላል፣ አገናኝ ባንኩ ደግሞ በመንገድ 20 ዶላር ይቆርጣል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ በእነሱ ቦታ የራስዎን ያስገቡ።

2,000 ዶላር ሲልኩ ከሂሳብዎ የሚወጣው 2,045 ነው። ኢትዮጵያ የሚደርሰው 1,980 ዶላር ሲሆን በ147 ሲመነዘር 291,060 ብር ይሆናል። 2,045 ዶላር በመካከለኛው ዋጋ ቢመነዘር ኖሮ 306,750 ብር ነበር። ልዩነቱ 15,690 ብር፣ ወይም 5.1 በመቶ ገደማ ነው። ሲዘረዘር ለላኪው ባንክ 6,750 ብር፣ ለአገናኙ 3,000 ብር፣ በምንዛሬው ልዩነት 5,940 ብር ይሆናል።

አሁን መጠኑን ብቻ እንቀይር። 200 ዶላር ሲልኩ 245 ይወጣል፣ 180 ይደርሳል፣ 26,460 ብር ይሆናል፤ የጠፋው 28 በመቶ ነው። 10,000 ሲልኩ ደግሞ 10,045 ይወጣል፣ 9,980 ይደርሳል፣ 1,467,060 ብር ይሆናል፤ የጠፋው 2.6 በመቶ ገደማ ቢሆንም ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛውን የሚወስደው ምንዛሬው ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ መለኪያ ይወጣል። ቋሚ ክፍያዎቹን ደምረው በምንዛሬው ልዩነት መቶኛ ያካፍሉ። በምሳሌያችን ቋሚ ክፍያው 65 ዶላር፣ ልዩነቱ 2 በመቶ ነው፤ 65 ሲካፈል ለ0.02 ውጤቱ 3,250 ዶላር ነው። ከዚህ በታች የሚልክ ሰው ጉልበቱን ቋሚ ክፍያን በመቀነስ ላይ ያውለው፦ ሦስት ጊዜ 700 ከመላክ አንድ ጊዜ 2,100 መላክ፣ ወይም ክፍያው አነስተኛ የሆነ መንገድ መፈለግ። ከዚህ በላይ የሚልክ ሰው ደግሞ ስለ 45 ዶላር መከራከሩን ትቶ የተሻለ ምንዛሬ ያፈላልግ። ትልቁ ስህተት የዚህ ተቃራኒ ነው። 20,000 ዶላር የሚልክ ሰው «ዋየር ነፃ ነው» ያለውን ባንክ ይመርጥና በምንዛሬው ብዙ መቶ ዶላር ያጣል።

የአላላክ ቅደም ተከተል

መጀመሪያ ተቀባዩ ሂሳቡን ወደከፈተበት ባንክ ሄዶ ወይም ደውሎ የሚከተሉትን በጽሑፍ ይያዝ፦ የባንኩን ስዊፍት ኮድ፣ የቅርንጫፉን ስም፣ ለዶላር የሚጠቀሙበትን አገናኝ ባንክ ስምና ኮድ፣ እንዲሁም ከውጭ ለሚገባ ገንዘብ የሚቆርጡት ነገር ካለ መጠኑን። የአገናኝ ባንኩን ጉዳይ አብዛኛው ሰው ይዘለዋል። ባዶ ሲተው የላኪው ባንክ የራሱን መንገድ ይመርጣል። መንገዱ አንድ ባንክ በረዘመ ቁጥር ደግሞ አንድ ቆራጭ ይጨመራል።

ስዊፍት ኮድ 8 ወይም 11 ፊደላትና ቁጥሮች አሉት። አምስተኛውና ስድስተኛው ፊደል የአገር ምልክት ነው፤ ለኢትዮጵያ «ኢ» እና «ቲ» (ET)። በእነዚያ ቦታዎች ሌላ ፊደል ካዩ ኮዱ የሌላ አገር ባንክ ነው። የሂሳብ ቁጥሩን ከጽሑፍ መልእክት ላይ ከመገልበጥ ይልቅ ከደብተሩ ወይም ከሞባይል ባንኪንጉ ገጽ ፎቶ ተነሥቶ ቢላክልዎት ይሻላል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሂሳብ 13 አሃዝ ሲሆን በ1000 ይጀምራል፤ 12 ወይም 14 ከሆነ አንድ ነገር ተዘሏል ወይም ተደግሟል። ኢትዮጵያ አይባን የሚባለውን ዓለም አቀፍ የባንክ ሂሳብ ቁጥር አትጠቀምም። ቅጹ ላይ «አይባን» የሚል ሳጥን ካለ የሂሳብ ቁጥሩን ብቻ ያስገቡ። በኢንተርኔት ላይ «አይባን እንፈጥራለን» ከሚሉ ገጾች ቁጥር ወስደው አያስገቡ።

ስም ላይ ጊዜ ይውሰዱ፣ ምክንያቱም የእኛ ስም አጻጻፍ ብዙ ዝውውር ያስቆማል። ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሦስት አራት ዓይነት መልክ ይይዛል፤ ኃይሉ፣ ጌታቸው፣ ወርቅነሽም እንደዚያው። የአሜሪካ ቅጽ ስምና የቤተሰብ ስም ብቻ ስለሚጠይቅ ላኪዎች የአባትን ስም ጽፈው የአያትን ይተዋሉ። የኢትዮጵያ ባንክ መዝገብ ግን ሦስቱንም ይዟል። ስለዚህ በሂሳቡ ላይ በላቲን ፊደል የተመዘገበውን ስም፣ ፊደል በፊደል፣ ሦስቱንም ያስገቡ። በመጀመሪያው ሳጥን የተቀባዩን ስም፣ በሁለተኛው የአባትና የአያት ስም አንድ ላይ ቢጻፍ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም።

ቀጥሎ ዝውውሩ በየትኛው አገር ገንዘብ እንደሚነሣ ይወስኑ። ወደ ኢትዮጵያ ሲሆን የአሜሪካ ባንኮች በአብዛኛው ብር አያቀርቡም፣ በዶላር ልከው ምንዛሬው አዲስ አበባ ይሠራል። ተቀባዩ ወይም እርስዎ ራስዎ የዳያስፖራ የውጭ ምንዛሬ ሂሳብ ካላችሁ ሌላ በር ይከፈታል፤ ዶላሩ በዶላርነቱ ይገባል፣ የሚመነዘርበትን ቀን የሂሳቡ ባለቤት ይመርጣል። ቤት ለሚሠራ ወይም ክፍያው በየወሩ ለተከፋፈለ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ቋሚውን የዋየር ክፍያ አንዴ ብቻ ከፍሎ ገንዘቡን በየጊዜው ይመነዝረዋልና። በዚያ ሂሳብ ያለ ገንዘብ ሲወጣ በምን መልክ እንደሚከፈል ግን አስቀድመው ባንኩን ይጠይቁ።

ከዚያ የክፍያ ምርጫው ይመጣል። የዋየር ቅጽ ላይ ሦስት የእንግሊዝኛ አሕጽሮተ ቃላት ያገኛሉ። «ኦ-ዩ-አር» የሚለው ሁሉንም ክፍያ ላኪው ይሸፍናል ማለት ነው። «ኤስ-ኤች-ኤ» ላኪው የራሱን ባንክ ሲከፍል የመንገዱና የመድረሻው ክፍያ ከሚላከው ላይ ይቆረጣል። «ቢ-ኢ-ኤን» ከሆነ ሁሉም ከተቀባዩ ድርሻ ይነሣል። ለትምህርት ቤት፣ ለቤት ሻጭ ወይም ለሆስፒታል ልክ የተባለው መጠን መድረስ ሲኖርበት የመጀመሪያውን ይምረጡ፤ 20 ዶላር ጎድሎ መድረሱ ሁለተኛ ዋየር ያስልካል፣ ሁለተኛው ዋየር ደግሞ ሌላ 45 ዶላር ነው። ለቤተሰብ ወጪ ሲሆን «ኤስ-ኤች-ኤ» ብዙ ጊዜ ይበቃል። «ኦ-ዩ-አር» ተመርጦም በዶላር ዝውውር መሃል ያለ ባንክ አልፎ አልፎ ሊቆርጥ ይችላል፣ ስለዚህ ለማይጎድል ክፍያ ትንሽ ጨምሮ መላክ ብልህነት ነው።

ከመላክዎ በፊት የአሜሪካ ባንክ ወይም ላኪ ድርጅት በሕግ የሚሰጥዎትን ወረቀት ያንብቡ። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት ለግል ጉዳይ ወደ ውጭ ከ15 ዶላር በላይ ለሚልክ ሰው ምንዛሬው፣ ክፍያው፣ ታክሱና ተቀባዩ የሚያገኘው መጠን ከመክፈሉ በፊት መነገር አለበት። ከቁጥሩ አጠገብ «ግምት» የሚል ቃል ካለ ቁጥሩ ሊቀየር ይችላል ማለት ነው። ከከፈሉ በኋላ ገንዘቡ ገና ካልተከፈለ ወይም ወደ ተቀባዩ ሂሳብ ካልገባ በ30 ደቂቃ ውስጥ መሰረዝ ይችላሉ። እነዚያን 30 ደቂቃዎች የሂሳብ ቁጥሩን እንደገና አሃዝ በአሃዝ ለማንበብ ይጠቀሙባቸው።

ታክሱን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዩወሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በባንክ ቼክ ተከፍሎ በሚላክ ሐዋላ ላይ 1 በመቶ ታክስ አለ። ከአሜሪካ የባንክ ሂሳብ በቀጥታ ወይም አሜሪካ በተሰጠ ካርድ የሚላከውን አይነካም። እስካሁን ጥሬ ገንዘብ ይዘው ወደ ሱቅ የሚሄዱ ወገኖች ከሂሳባቸው ወይም በካርዳቸው ቢልኩ በየ1,000 ዶላሩ 10 ዶላር ይተርፋቸዋል።

ቀኑና ሰዓቱም ዋጋ አለው። ባንኮች ለዋየር የመዝጊያ ሰዓት አላቸው፣ ከዚያ በኋላ የገባው ለማግስቱ ያድራል። ዓርብ ከሰዓት የተላከ ሰኞ ወይም ማክሰኞ መንቀሳቀስ ይጀምራል። የአሜሪካን በዓላት ላኪው ያውቃቸዋል፤ እንቁጣጣሽን፣ መስቀልን፣ ገናንና ጥምቀትን ግን የላኪው ባንክ አይቆጥርም፣ የተቀባዩ ባንክ ግን በእነዚያ ቀናት ዝግ ነው። ለበዓል ወጪ የሚላክ ገንዘብ ቢያንስ አምስት የሥራ ቀን ቀድሞ ይነሣ።

አንዳንዶች ሂሳቡን ለመሞከር መጀመሪያ 50 ዶላር በዋየር ይልካሉ። አይመከርም፤ ሙከራው ራሱ ከሚላከው በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ጊዜዎን የባንኩን ዝርዝር በማጣራት ላይ ቢያውሉት ይሻላል።

ሲዘገይ፣ ሲጎድል፣ ሲመለስ

በአምስት የሥራ ቀን ካልደረሰ የላኪውን ባንክ የስዊፍት መልእክቱን ቅጂና ባለ 36 ምልክቱን የመከታተያ ቁጥር ይጠይቁ። «ልከናል» የሚለው መልስ አይበቃም። በመከታተያ ቁጥሩ ገንዘቡ የትኛው ባንክ ላይ እንደቆመና ማን ስንት እንደቆረጠ ባንኩ ማየት ይችላል። ቅጂውን ለተቀባዩ ይላኩለት፣ እሱም ለቅርንጫፉ ያሳየው። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ የተቀባዩ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ደርሶ በስም አለመመሳሰል የተያዘ ሆኖ ይገኛል። ከመታወቂያ ጋር ሲቀርቡ ይፈታል።

ጎድሎ ከደረሰ ሁለት ነገር ይለዩ። የደረሰው ዶላር ነው የጎደለው ወይስ ምንዛሬው ነው ያነሰው? ተቀባዩ ከባንኩ የገቢ ማስታወቂያ ይጠይቅ፤ እዚያ ላይ የደረሰው ዶላርና የተሠራበት ዋጋ ይገኛል። ዶላሩ ከጎደለ ጥያቄው የሚቀርበው ለላኪው ባንክ ነው። ምንዛሬው ካነሰ የተመነዘረበትን ቀን ሰሌዳ ያመሳክሩ፣ ምክንያቱም የሚሠራው ገንዘቡ ሂሳብ ውስጥ የገባበት ቀን ዋጋ ሊሆን ይችላል እንጂ እርስዎ የላኩበት ቀን አይደለም።

በአሜሪካ ደንብ ስህተት ለማሳወቅ ገንዘቡ ይደርሳል ከተባለበት ቀን አንሥቶ 180 ቀን አለዎት፣ ድርጅቱም በ90 ቀን መርምሮ መልስ መስጠት አለበት። ስህተቱ እርስዎ ያስገቡት የተሳሳተ የሂሳብ ቁጥር ከሆነ ግን ይህ መብት በእጅጉ ይሳሳል።

ገንዘቡ ከተመለሰ በዶላር ሄዶ በዶላር የተመለሰ እንደሆነ የጠፋው የመንገድ ክፍያ ብቻ ነው። መነሻው ላይ ወደ ሌላ ገንዘብ ተመንዝሮ የሄደ ከሆነ ግን ሲመለስ እንደገና ይመነዘራል፤ ሲሄድ በመሸጫ ዋጋ፣ ሲመለስ በመግዣ ዋጋ። በ3 በመቶ ልዩነት ሁለት ጊዜ ሲቆረጥ ከ5,000 ዶላር ወደ 300 የሚጠጋ ያለ ምንም ጥቅም ይጠፋል። ስምና ቁጥር ማጣራት ከሁሉ የሚቀድመው ለዚህ ነው።

ወደ አውሮፓ ሲሆን

ከአሜሪካ ወደ ጀርመን ወይም ወደ ጣሊያን ሲላክ ነገሩ ይገለበጣል። ዩሮን የአሜሪካ ባንክም ይሸጣል፣ የጀርመኑም ይገዛል፣ ስለዚህ ምንዛሬው የት ይሠራ የሚለውን መምረጥ ይቻላል። እዚህ ላይ «በዩሮ ከላኩ ክፍያ የለም» የሚል ግብዣ ይመጣል። ይሰላ። መካከለኛው ዋጋ ለአንድ ዩሮ 1.10 ዶላር ቢሆንና ባንኩ በ1.133 ቢሸጥልዎት፣ 5,000 ዶላር 4,545 ዩሮ መሆን ሲገባው 4,413 ይሆናል። «ነፃ» የተባለው ዝውውር 132 ዩሮ አስከፈለ። በተቃራኒው ዶላሩን ሳይመነዝሩ ወደ ዩሮ ሂሳብ ከላኩ የጀርመኑ ባንክ ሳይጠይቅዎት በራሱ ዋጋ ይመነዝረዋል። የሁለቱን ዋጋ ሳያውቁ አይላኩ።

ለዚህ መንገድ እንደ ዋይዝ ያሉ ገንዘብ አስተላላፊ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ይረክሳሉ። ምክንያቱ በሁለቱም አገር የየራሳቸው ሂሳብ ስላላቸው ነው፤ ዶላሩን አሜሪካ ውስጥ ይቀበላሉ፣ ዩሮውን አውሮፓ ውስጥ ካለ ሂሳባቸው ይከፍላሉ፣ አገናኝ ባንክ አይነካም። ክፍያቸውን ለይተው ማሳየታቸውም ለማወዳደር ያመቻል። አንዴ በዩሮ ከሆነ በኋላ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከአገር አገር በሴፓ (በአውሮፓ የጋራ የዩሮ ክፍያ ሥርዓት) መላክ እዚያው አገር ውስጥ ከመላክ የበለጠ ሊያስከፍል አይችልም። አይባኑን ሲያስገቡ ርዝመቱን ይቁጠሩ፦ የጀርመን 22፣ የጣሊያን 27 ምልክት አለው።

ከባሕረ ሰላጤው ሲነሣ

ዱባይና ሪያድ ያሉ ላኪዎች አንድ ምቹ ነገር አላቸው። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725፣ ሪያል ደግሞ በ3.75 ታስሮ ይኖራል፣ ስለዚህ ትክክለኛውን ዋጋ ለማወቅ ሰሌዳ መፈለግ አያስፈልግም። አንድ ዶላር በ3.70 ድርሃም ከተሸጠልዎት 0.75 በመቶ ገደማ ተወስዷል። ገንዘቡ ከድርሃም ወደ ዶላር፣ ከዶላር ወደ ብር ሁለት ጊዜ ሲመነዘር ሁለቱንም ደረጃ ለየብቻ ያስሉ። ድርጅቱ በቀጥታ የድርሃምና የብር ዋጋ ከሰጠዎት ደግሞ ያንን ዋጋ በ3.6725 አባዝተው በዶላር ስንት ብር እንደሆነ ያውጡና ከአዲስ አበባ ባንኮች የዝውውር መግዣ ዋጋ ጋር ያስተያዩት።